ከሊሙ ወደ ጨረቃ የተጫነ ቡና

ወዳጆቼ፣ ባለፈው ሳምንት አንድ የአጋሮ ተማሪዬ ጅማ መጥቶ ቡና ስንጠጣ፣ «ቲቸር፣ ለልጄ ጠፈር ላይ የሚሆን የምስጢር ልብ ወለድ በአማርኛ ፈልጌ አጣሁላት» አለኝ። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተ።

እኛ ልጆች ሳለን ጠፈር የመጣልን በሬዲዮ ነው። ጋጋሪን ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ሲመጥቅ ገና ሕፃን ነበርኩ። ሐምሌ 1961 እነ አርምስትሮንግ ጨረቃ ላይ ሲያርፉ ግን አንድ የቡና ነጋዴ ሱቅ በር ላይ ሬዲዮ ከበን ነበር። አንድ አዛውንት፣ «ጨረቃዋ ገና ግማሽ እንኳ አልሞላችም፤ የቱ ላይ ቆመው ነው?» ብለው አሳቁን። (የጋጋሪን ዓመት በፈረንጅ 1961፣ የአርምስትሮንግ በእኛ 1961! ስንቱ ተማሪዬ ፈተና ላይ ወደቀበት።)

የምናነበው ግን ሌላ ነበር። በከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» እንስሳቱ ይመክሩናል። ኋላም አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ተረት ነገሩን። ደግ ነው። ምስጢር ግን የትልቅ ሰው ንባብ ነበር። ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸው እንደ «ሰላዩ ሬሳ» ያሉ የስለላ መጻሕፍት በጋዜጣ ተለብጠው ከእጅ ወደ እጅ ይዞሩ ነበር። ማን ወሰደው፣ ፍንጩ የቱ ጋ ነው ማለትን ያስተማሩን እነሱ ናቸው። ለልጅ አልተጻፉም፤ እኛ ግን አነበብናቸው።

ሰማዩና ምስጢሩ ዓይኔ እያየ የተገናኙት በ2001 ነው፤ ይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»ን ሲያወጣ። ናሳ የሠራ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ፣ ሰላዮች፣ የጣና ገዳማት፣ ሁሉም አንድ ላይ። አንዳንዱ ቦታ ላይ እኔም «ኧረ በሕግ አምላክ!» ብያለሁ። ግን ቤተ መጻሕፍት ረግጠው የማያውቁ ልጆች ሲሻሙት አየሁ። ቡና ለቀማ ደርሶ ክፍሉ ሲሳሳ፣ መጽሐፉን ይዘው ማሳ የሚወርዱ ነበሩ። የእኛን ስም የያዘ ሰው የጠፈር ሳይንስ ሲሠራ ማንበብ ቀላል ነገር አይደለም።

ያ ተማሪዬ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበር። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ከዴስክ ሥር ሲጽፍ ያዝኩትና ደብተሩን ነጠቅኩት። ማታ ቤቴ አነበብኩት። ከሊሙ ቡና ጭና ወደ ጨረቃ የምትሄድ መንኮራኩር፤ ውስጧ አምስት ልጆች። መንገድ ላይ አንድ ጆንያ ይጠፋል። ጠፈር ላይ ደግሞ ሌባ የሚያመልጥበት በር የለም፤ ስለዚህ ከአምስቱ አንዱ ነው! ይህን ያሰበው የ14 ዓመት ልጅ ነው። እኔ ግን «ጎበዝ» በማለት ፈንታ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ወደ ጅማ ስዛወር ደብተሩ ከወረቀት ጋር ተጠርጎ ጠፋ።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ስትመጥቅ፣ 70 ኪሎ ግድም የምትመዝን፣ እርሻና ደን ከላይ የምታይ ናት ተባለ። ሰው እልል ሲል እኔ ትዝ ያለኝ ያ ደብተር ነው።

ይህን ሁሉ ነግሬው ይቅርታ ጠየቅሁት። ሳቀ። ከዚያ ለ15 ዓመት የቆየብኝን ጥያቄ አወጣሁት፦ ጆንያውን የወሰደው ማን ነበር?

«እኔም አላወቅኩም ቲቸር» አለኝ። «እዚያ ሳልደርስ ነው የወሰዱብኝ።»