ከቁርጡባ ሰማይ እስከ ባሮ ዳር



ከጋምቤላ ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ በወጣሁ ጊዜ ያረፍኩት እህቴ ቤት ነበር። አንድ ምሽት ከመግሪብ ሰላት በኋላ ልጇ ኮምፒውተሩን ከፈተና «አጎቴ፣ የት ልውሰድዎ?» አለኝ። ፍላይት ሲሙሌተር የሚሉት የበረራ ጨዋታ ነው። የማይክሮሶፍት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1982 የመጀመሪያውን ሲያወጣ ምድሩ በጥቂት መስመሮች የተሰራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ግን በሳተላይት ፎቶግራፎች ላይ ተመስርቶ የዓለምን ምድር በሙሉ ይዟል። እኔም ብዙ ሳላስብ «ቁርጡባ» አልኩት። ዛሬ ኮርዶባ የምትባለው የስፔን ከተማ ናት።

ወንዙ ቀድሞ ታየ። ስፔኖች ጓዳልኪቪር ይሉታል፤ ስሙ ግን የእኛው «አል-ዋዲ አል-ከቢር» ነው። ከጥንታዊው የሮማውያን ድልድይ ራስጌ ታላቁ መስጊድ አለ። አሚር አብዱረህማን ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ785 ገደማ አስጀመሩት፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጡትም ሁለት መቶ ዓመት ያህል እያሰፉት ሄዱ። ከተማይቱ በ1236 በካስቲል ንጉሥ እጅ ስትወድቅ ቤተ ክርስቲያን ተደረገ። ይህን በመጻሕፍት ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ከላይ ሲታይ ግን ሌላ ነው፦ ረጃጅሞቹ ጣሪያዎች ጎን ለጎን እንደ እርሻ ትልም ተሰልፈው ይሄዱና መሐል ላይ ሲደርሱ ከ1523 ጀምሮ የተሰራው ረጅም ካቴድራል ሰንጥቋቸው ይወጣል። ልጁ ሦስት ጊዜ አዞረኝ፤ እኔም አልጠገብኩም።

ወደ ምዕራብ ዞር ስንል እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተ ድልድይ አለ፤ ስሙ የአባስ ኢብን ፊርናስ ድልድይ ነው። ይህ ሰው በ274 ዓመተ ሂጅራ (887 እ.ኤ.አ.) ያረፈ የቁርጡባ ገጣሚና ፈልሳፊ ነበር። ገላውን በላባ ሸፍኖ፣ ክንፍ አበጅቶ ከከፍታ ላይ ተነሳ፤ ጥቂት ከበረረ በኋላ ሲያርፍ ጀርባው ተጎዳ፤ ለጅራት አላሰበም ነበርና። ታሪኩን በሰፊው የጻፉልን አል-መቀሪ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ቆይተው የመጡ ናቸውና ዝርዝሩን በጥንቃቄ መቀበል ይገባል። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላው ሥራው ነው። በቤቱ ውስጥ ሰማይ ሰርቶ፣ የገቡት ሰዎች ክዋክብትና ደመና፣ መብረቅና ነጎድጓድ የሚያዩ ይመስላቸው ነበር ይባላል። ልጁ ፊት ያለው ሳጥንስ ከዚህ በምን ይለያል?

«አሁን ደግሞ ጋምቤላ ውሰደኝ» አልኩት።

ባሮ ነበረ። ቤቶቹ ግን ኮምፒውተሩ ከፎቶግራፉ ገምቶ የተከላቸው፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ ነበሩ። ልጁ በየዋህነት «እዚህስ ምን ታሪክ አለ?» ሲለኝ ደነገጥኩ። ስለ ቁርጡባ አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራሁለት እኔ፣ ስለምኖርበት ከተማ አንዲት ቃል ነግሬው አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ጀመርኩለት። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዝ በተፈራረሙት የድንበር ውል፣ በባሮ ዳር እስከ 2000 ሜትር የወንዝ ዳርቻ ያለው፣ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን ተፈቀደ። በውሉ የተጠቀሰው ቦታ ኢታንግ ነበር፤ ኋላ ጋምቤላ ተመረጠችና ወደቡ በ1907 ሥራ ጀመረ። በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም በነጭ ዓባይና በሶባት ወንዝ በኩል ይመጡ ነበር፤ ሽቅብ 11፣ ቁልቁል 7 ቀን ያህል ይፈጅባቸዋል። ጨውና አቡጀዲድ አራግፈው፣ ከጎሬ በኩል በበቅሎና በሰው ትከሻ የወረደውን ቡና ይጭናሉ። የሱዳን ጀላባዎች፣ ሶሪያውያንና ግሪኮች በዚሁ ዳርቻ ይነግዱ ነበር። ወንዙን ከሁሉም በፊት የሚያውቁት አኙዋኮች ደግሞ ኦፔኖ ይሉታል። በጋ ሲገባ ውሃው ይጎድላል፤ መርከቡም እስከሚቀጥለው ክረምት ይጠፋል። በሲሙሌተሩ ግን ባሮ አይሞላም፣ አይጎድልም።

በ1936 ኢጣሊያኖች ያዙት፤ በ1941 ተባረሩ። ውሉ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ ሥር እስካለች ድረስ ስለነበር፣ በ1956 ሱዳን ነጻ ስትወጣ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የመርከቡ ንግድ እየቀዘቀዘ ሄደ፤ ቡናውም ፊቱን በመኪና ወደ አዲስ አበባ አዞረ።

ልጁ አውሮፕላኑን ዝቅ አድርጎ በወንዙ ላይ ቀስ ብሎ አበረረው። «ታዲያ ወደቡ የቱ ጋ ነው? ምንም አይታይም እኮ» አለ። ወደ ስክሪኑ ተጠግቼ፣ ከድልድዩ ተነስቼ የወንዙን ዳር ዳር በጣቴ ተከተልኩና ባዶ አረንጓዴ የሚመስለው ቦታ ላይ ስደርስ አቆምኩ። «እዚህ ጋ» አልኩት። እናቱ ለዒሻ ሰላት እስክትጠራን ድረስ እዚያው ላይ ሲዞር አመሸ።