ፍሬውና መድኃኒቱ፦ የእንጆሪና የዘመዶቹ ታሪክ በስኳር በሽታ ዙሪያ

መግቢያ

በስደት በምንኖርባቸው አገሮች የስኳር በሽታ የየቤቱ መነጋገሪያ ከሆነ ቆይቷል። ከዚሁ ጋር እንደ እንጆሪና ብሉቤሪ ያሉ ትናንሽ ፍሬዎች የደም ስኳርን ያስተካክላሉ የሚለው ወሬ፣ ከወሬም አልፎ ከፍሬዎቹ ተሠራ የተባለው ዱቄትና እንክብል በወገኖቻችን መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እንመለከታለን። ጉዳዩ ተራ የአመጋገብ ምክር መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን አንድ ሕመምተኛ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት አስቀምጦ በፍሬው ብቻ እድናለሁ ሲል ነገሩ የሕይወትና የሞት ጥያቄ ይሆናል። ስለዚህም የታሪክ ምርመራ ይገባዋል ብለን እናምናለን።

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ፍሬው በምግብነቱ የሚሰጠው ጥቅም ሌላ፣ ከተክሉ የሚወጣው መድኃኒት ሌላ መሆኑን፣ ሁለቱ በተምታቱ ቁጥርም ኪሳራው የሕመምተኛው እንደነበረ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከኢንሱሊን በፊት

በሁለተኛው ምዕተ ዓመት የኖረው የቀጰዶቅያው ሐኪም አሬጤዎስ ይህን በሽታ ሥጋ ቀልጦ በሽንት የሚፈስበት ደዌ አድርጎ ገልጾታል። የእንግሊዙ ሐኪም ማቲው ዶብሰን በ1776 በሕሙማን ሽንት ውስጥ ያለው ጣፋጭ ነገር ስኳር መሆኑን አሳየ። በ1889 ደግሞ ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ የተባሉት ተመራማሪዎች ቆሽቱ የወጣለት ውሻ በስኳር በሽታ እንደሚያዝ በማረጋገጣቸው የበሽታው ሥር ወዴት እንዳለ ታወቀ። ሥሩ ይታወቅ እንጂ ፈውሱ ገና አልተገኘም ነበር። ሐኪሙ በእጁ የነበረው መሣሪያ ምግብን መቆጣጠር ብቻ ነበር። አሜሪካዊው ሐኪም ፍሬድሪክ አለን በ1910ዎቹ ዓመታት ያስፋፋው ሕክምና ሕመምተኛውን እስከ ረሃብ በሚደርስ ጥብቅ አመጋገብ ማኖር ነበር። ብዙዎቹ ሕሙማን፣ ይልቁንም ሕፃናቱ፣ ዕድሜያቸው በወራትና በጥቂት ዓመታት ብቻ ተራዘመ፤ የተራዘመውም ቆዳና አጥንት ሆነው ነው።

በዚያው ዘመን በመካከለኛው አውሮፓ ገጠሮች የስኳር ሕመምተኛ የቢልቤሪ ቅጠል እያፈላ መጠጣቱ የታወቀ ልማድ ነበር። ቢልቤሪ በጥድና በዝግባ ደን ሥር የሚበቅል፣ ፍሬው ጥቁር ሰማያዊ የሆነ አጭር ቁጥቋጦ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ገበሬው ለዚህ በሽታ የሚያፈላው ቅጠሉን እንጂ ፍሬውን አለመሆኑ ነው። ፍሬው ለሌላ ጉዳይ የተተወ ነበር፤ ይበላል፣ ይደርቃል፣ ለተቅማጥም ይሰጣል። ይህ ልዩነት በኋላ ዘመን በንግድ ማስታወቂያ ውስጥ ፈጽሞ ተዘንግቷል።

ኢንሱሊንና የቅጠሉ ዕጣ

በ1921 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ባንቲንግና ቤስት ከቆሽት ያወጡት ንጥረ ነገር የታመመ ውሻን የደም ስኳር አወረደ። ጥር 11 ቀን 1922 ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለው የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። ያ መርፌ በቂ ጥራት ስላልነበረው አልሠመረም፤ ኮሊፕ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ካጣራው በኋላ በዚያው ወር የተሰጠው ግን ልጁን ከሞት አፋፍ መለሰው። ለሺህ ዓመታት የሞት ፍርድ የነበረው በሽታ በአንድ ዓመት ውስጥ አብረውት የሚኖሩት ደዌ ሆነ።

ቅጠሉ ግን ወዲያው አልተረሳም። በረሃብ ያክም የነበረው ያው አለን በ1927 በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ ስለ ብሉቤሪ ቅጠል ጭማቂ ሰፊ ጽሑፍ አወጣ። ጭማቂው ከተክሉ የላቲን ስም ተወስዶ «ሚርቲሊን» ተባለ። ኢንሱሊን በመርፌ ብቻ የሚሰጥ ስለነበር በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ማግኘት የዘመኑ ታላቅ ምኞት ነበርና፣ ተስፋው ትልቅ መሆኑ አያስደንቅም። ይሁንና ሚርቲሊን ኢንሱሊንን የሚተካ ሆኖ አልተገኘም። ዛሬ ስሙን የሚያነሡት የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ብቻ ናቸው ለማለት ይቻላል።

ይህን ስንል የገበሬው ዕውቀት ሁሉ ከንቱ ነበር ማለታችን አይደለም። በአውሮፓ ጋሌጋ የተባለው ሌላ የባህል መድኃኒት ተክል ስኳርን የሚያወርድ ንጥረ ነገር እንዳለው ተረጋገጠ፤ ንጥረ ነገሩ ግን መርዛማ ነበር። ከዚሁ የኬሚካል ወገን የሆነው ሜትፎርሚን በ1922 በደብሊን በላቦራቶሪ ተሠራ። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን በ1957 ለስኳር በሽታ ማገልገሉን አሳተመ፤ ዛሬም በዓለም ላይ በብዛት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ነው። እንግዲህ ከሁለቱ ዕፅዋት አንዱ መድኃኒት ወለደ፣ ሌላው አልወለደም። ሁለቱን የለየው የወሬው ብዛት ወይም የተክሉ ዝና አይደለም፤ መጠኑ ተለክቶ፣ ጉዳቱ ታውቆ፣ ውጤቱ በብዙ ሕሙማን ላይ መፈተኑ ነው።

ፍሬው ወደ ገበታ የመጣበት መንገድ

ፍሬው በበኩሉ የራሱ ታሪክ አለው። ዛሬ በየገበያው የምናየው ትልቁ ቀይ እንጆሪ በተፈጥሮ ዱር ውስጥ ያልነበረ ነው። ፍሬዚዬ የተባለው ፈረንሳዊ መኮንን በ1714 ከቺሊ ያመጣው ተክልና ከሰሜን አሜሪካ የመጣው ሌላ ዝርያ በአውሮፓ አትክልት ቦታዎች ተዳቅለው ያስገኙት ነው። ብሉቤሪም እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ ድረስ ከዱር ይለቀም ነበር። የአሜሪካ እርሻ መሥሪያ ቤት የዕፅዋት ሊቅ ፍሬድሪክ ኮቪል ተክሉ ኮምጣጣ አፈር እንደሚሻ በ1910 አሳተመ። በኒው ጀርሲ የእርሻ ባለቤት ልጅ የነበረችው ኤልሳቤጥ ዋይት ይህን አንብባ ከእርሱ ጋር መሥራት ጀመረች። ትልልቅ ፍሬ ያላቸውን ቁጥቋጦዎች ፈልገው እንዲያመጡላት ለአካባቢው ለቃሚዎች ገንዘብ ትከፍል ነበር፤ የመጀመሪያውም ምርት በ1916 ለገበያ ወጣ። ከዚህ የምንረዳው የዓለም ገበያ ፍሬ የሆነው ነገር የተገኘው የአገሬውን ሰው የዱር ዕውቀት ከሳይንስ ጋር በማጋባት መሆኑን ነው።

ለፍሬዎቹ ቀይና ሰማያዊ መልክ የሚሰጠው ቀለም አንቶሲያኒን ይባላል፤ ስሙን በ1835 ያወጣለት ጀርመናዊው ማርካርት ነው። በ1915 ስለ ዕፅዋት ቀለም ባደረገው ምርምር የኖቤል ሽልማት ያገኘው ቪልሽቴተር የቀለሙን ኬሚካላዊ ባሕርይ ገልጿል። የዛሬዎቹ ተመራማሪዎች ትኩረት በአብዛኛው ያረፈው በዚህ ቀለምና በፍሬው አሰር ላይ ነው።

የዘመናችን ጥናቶች

በ2010 በፊንላንድ የታተመ ጥናት 12 ጤነኛ ሰዎች 35 ግራም ስኳር ከ150 ግራም የተፈጨ የቢልቤሪና የመሰል ፍሬዎች ድብልቅ ጋር ሲወስዱ፣ ስኳሩን ብቻውን ከወሰዱበት ጊዜ ይልቅ የደም ስኳራቸው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በዝግታ እንደጨመረ አሳየ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በሉዊዚያና የተደረገው ጥናት ደግሞ ኢንሱሊን በደንብ በማይሠራላቸው 32 ወፍራም ሰዎች ላይ ነበር። ለስድስት ሳምንት የብሉቤሪ ዱቄት በመጠጥ የተሰጣቸው ወገኖች ሰውነታቸው ለኢንሱሊን ያለው ምላሽ ካልተሰጣቸው ይልቅ ተሻሻለ። ሁለቱም ጥናቶች የሚያበረታቱ ናቸው፤ ሁለቱም ግን በጥቂት ሰዎችና በአጭር ጊዜ የተወሰኑ ናቸው።

ከሁሉ የሰፋው በ2013 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣው ነው። 187,382 አሜሪካውያን የጤና ባለሙያዎችን ለዓመታት ተከታትሎ በሳምንት ሦስት ጊዜ ብሉቤሪ መመገብ በሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ የመያዝን ዕድል በ26 በመቶ ከመቀነስ ጋር ተያይዞ አገኘው። በአንጻሩ የፍራፍሬ ጭማቂ መጠጣት ዕድሉን በ8 በመቶ ከመጨመር ጋር ተያያዘ፤ የገበያው እንጆሪም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም። በእርግጥ ይህ ጥናት ተመልካች ነው እንጂ ፈታኝ አይደለም፤ ብሉቤሪ የሚያዘወትረው ሰው በሌላውም ኑሮው ጥንቁቅ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ሙሉው ፍሬና ጭማቂው በተቃራኒ አቅጣጫ መቆማቸው ትልቅ ትምህርት ነው።

ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። 100 ግራም ራስፕቤሪ፣ ማለትም የደጋችን እንጆሪ የቅርብ ዘመድ፣ 4 ግራም ተኩል ያህል ስኳርና 6 ግራም ተኩል ያህል አሰር አለው። ያው መጠን ወይን 15 ግራም ያህል ስኳር ሲኖረው አሰሩ ከ1 ግራም አይበልጥም፤ ተምር ደግሞ ከ60 ግራም በላይ ስኳር ይይዛል። አሰሩ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገየዋል። ፍሬው ተጨምቆ አሰሩ ሲጣል የሚቀረው ጣፋጭ ውኃ ነው። ስለዚህ የፍሬው ትልቁ ጥቅም በኬክና በለስላሳ መጠጥ ቦታ መተካቱ ነው፤ በእነርሱ ላይ ሲጨመር ጥቅሙ ይጠፋል።

የአገራችን ፍሬዎች

ይህ ታሪክ እኛንም የሚነካን በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በስደቱ በኩል ነው። በ1988 የታተመ ጥናት ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በገቡ ወጣት ጎልማሶች ዘንድ የስኳር በሽታ በብዛት መታየቱን አስታውቋል። በአገሩ ተራራ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሕዝብ በነጭ ዳቦ፣ በጣፋጭ መጠጥና በመቀመጥ ኑሮ ውስጥ ሲገባ የሚደርስበትን ከዚህ እንረዳለን። በአሜሪካም ሆነ በዓረብ አገሮች የምንኖረው ከዚህ ዕጣ ውጭ አይደለንም።

ሁለተኛው በፍሬዎቹ በኩል ነው። እንጆሪ፣ ቀጋ፣ አጋም፣ ኮሽምና እንኮይ የእረኛ ልጆች ስንቅ፣ በክፉ ቀንም የድኻ መጠጊያ ሆነው ኖረዋል። አጋም በምሳሌያዊ አነጋገራችን የሚታወቀው ቁልቋልን በሚያስለቅሰው እሾሁ ነው፤ ጠቆር ያለውን ጣፋጭ ፍሬውን የሚያነሣለት የለም። በከተማ ደግሞ «እንጆሪ» የሚለው ስም ራሱ ወደ ባዕዱ ፍሬ እየዞረ፣ የደጋው እሾሃማ እንጆሪ ስሙን እየተነጠቀ ነው። ስቴፋን ስትሬልሲን በ1968ና በ1973 ባሳተማቸው ሥራዎች የኢትዮጵያን የመድኃኒት ጽሑፎች ለዓለም ሊቃውንት አስተዋውቋል። የዱር ፍሬዎቻችንን ግን ከለቃሚዎቹ አፍ ሰምቶ፣ ስማቸውን በየአገሩ ቋንቋ መዝግቦ፣ ስኳራቸውንና አሰራቸውን ለክቶ፣ በሰው ላይ የሚያሳዩትን ውጤት መርምሮ በአንድነት የማቅረቡ ሥራ ገና ሰፊ ነው። ኮቪልና ዋይት በኒው ጀርሲ የሠሩትን በሰሜንና በጎጃም ደጋዎች መሥራት የማይቻልበት ምክንያት አይታየንም።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከትነው ሦስት ነገር ይወጣል። ፍሬው ሙሉውን ሲበላ፣ በጣፋጩም ቦታ ሲተካ፣ ጥሩ ምግብ ነው። ጭማቂው ሙሉውን ፍሬ አይተካም፤ ዱቄቱና እንክብሉም ለበሽታው መድኃኒት መሆናቸው አልተረጋገጠም። ኢንሱሊን ወይም ሌላ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ደግሞ ከሐኪሙ ጋር ሳይመክር ስለ ማንኛውም ፍሬ ብሎ ሊያቋርጥ አይገባውም፤ ከ1922 በፊት የሞቱት ሕፃናት ወላጆች ቅጠልና ፍሬ ሳያጡ ነው ልጆቻቸውን የቀበሩት። ይህን ታሪክ የምናውቅ ሰዎች በየማኅበሩና በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱም ደጃፍ ለወገኖቻችን በሚገባቸው ቋንቋ መንገር ግዴታችን ነው።