ኢማም አል-ገዛሊ ጥለውት የሄዱት ወንበር



ልጃችሁ የትምህርት ቤት ካርዱን ይዞ ቤት ሲገባ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት ምንድን ነው? ራሴን ልመስክር፤ እኔ የምለው «ስንተኛ ወጣህ?» ነው። ደብተር ላለቀበት ጓደኛው ወረቀት ቀዶ ሰጥቶ እንደሆነ፣ ያልሠራውን ሠርቻለሁ ብሎ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። መድረሳችንም ቢሆን ከዚህ በሽታ አልዳነም። «ስንት ጁዝእ ደረሰ?» እንላለን እንጂ የቀራው ነገር በጠባዩ ላይ ምን እንዳመጣ የምንመረምር ጥቂቶች ነን። ታዲያ ይህ ጉዳይ የእኛ ዘመን ብቻ አይምሰላችሁ። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት በባግዳድ ከተማ ከሁሉ የከበረውን የማስተማሪያ ወንበር የያዙ አንድ ዓሊም፣ ትምህርት ለምን ነው በሚል ጥያቄ ሰውነታቸው እስኪታመም ድረስ ተጨንቀዋል። የእርሳቸው ታሪክ ለእኛም ይበጃልና አብረን እንመልከተው።

ኢማም አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) በ450 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1058) በኹራሳን ምድር፣ ዛሬ በኢራን ውስጥ በሚገኘው በጡስ ተወለዱ። አባታቸው ሱፍ እየፈተለ የሚያድር ድኻ ሰው ነበር። ታጁዲን አስ-ሱብኪ እንደዘገቡት፣ አባትየው ሞት ሲቀርበው ሁለቱን ወንዶች ልጆቹን ለአንድ ሱፊ ወዳጁ አደራ ሰጠ። እርሱ ራሱ ጽሕፈት ባለመማሩ ሲቆጭ የኖረ ስለነበር፣ የተወው ገንዘብ ሁሉ ቢያልቅ እንኳ ልጆቹ እንዲማሩለት ለመነ። ገንዘቡም አለቀ። ወዳጅየው በበኩሉ የሚያበላቸው የሌለው ድኻ ነበርና ለተማሪ ቀለብ ወደሚሰጥበት መድረሳ እንዲገቡ መከራቸው። አያችሁ! ዛሬ «ሑጀቱል ኢስላም» እያልን የምንጠራቸው ሰው ወደ መድረሳ የገቡት ለእንጀራ ነው። ኋላ ይህን ሲያስታውሱ፣ ዕውቀትን የፈለግነው ከአላህ ሌላ ለሆነ ነገር ነበር፣ ዕውቀቱ ግን ለአላህ ካልሆነ እንቢ አለን ማለታቸው ይነገራል። ልጁን ሥራ ያገኝ ብሎ የሚያስተምር ወላጅ እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሚያሳፍረው ነገር የለም። ነገሩ የሚበላሸው እንጀራው ላይ ሲቆም ነው።

አንድ ሌላ ታሪክ ልጨምር። ወጣቱ ገዛሊ በጁርጃን ተምረው ሲመለሱ በመንገድ ላይ ሽፍቶች ያላቸውን ሁሉ ወሰዱባቸው። እርሳቸውም ሌላው ይቅርባችሁ፣ የተማርኩትን የጻፍኩበትን ወረቀት ብቻ መልሱልኝ እያሉ ሽፍቶቹን ተከተሉ። የሽፍቶቹ አለቃ ሳቀባቸው፤ ወረቀቱ ሲወሰድ አብሮ የሚሄድ ከሆነ ምኑን ዐወቅከው አላቸው። ወረቀቱ ተመለሰላቸው፤ እርሳቸው ግን ሦስት ዓመት ተቀምጠው ሁሉንም በቃላቸው አጠኑት። ከሽፍታም ትምህርት ይገኛል ማለት ይህ ነው።

ጊዜው የሰልጁቆች ዘመን ነበር። ታላቁ ወዚር ኒዛሙል-ሙልክ በየከተማው መድረሳ እያሠሩ፣ ወቅፍ እያቆሙ፣ ለመምህሩ ደመወዝ ለተማሪውም ቀለብ ይቆርጡ ነበር። ከእነዚህም ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ1067 በባግዳድ የተከፈተው ኒዛሚያ ነው። ከዚያ የወጣ ሰው ቃዲ ለመሆንና ሹመት ለማግኘት መንገዱ ክፍት ነበረ። አል-ገዛሊ እ.ኤ.አ. በ1091፣ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ፣ የዚህ መድረሳ መምህር ሆነው ተሾሙ። ራሳቸው እንደጻፉት 300 ያህል ተማሪዎች ይማሩባቸው ነበር። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል ትሉ ይሆናል።

አራት ዓመት ካስተማሩ በኋላ ግን ራሳቸውን መረመሩ። የማስተምረው ለአላህ ነው ወይስ ለስምና ለክብር? ብለው ሲጠይቁ ያገኙት መልስ አስደነገጣቸው። በ488 ዓመተ ሒጅራ ከረጀብ ወር ጀምሮ ስድስት ወር ያህል አንድ ቀን ልሂድ፣ አንድ ቀን ልቅር ሲሉ ከረሙ። በመጨረሻ ምላሳቸው ተሳሰረ፤ ተማሪ ፊት ተቀምጠው አንዲት ቃል መናገር አቃታቸው። ምግብም አልዋጥ አላቸው። ሐኪሞች መጥተው በሽታው ከልብ የመጣ ነው፣ መድኃኒት አይሠራለትም ብለው ተዉት። ከዚያ በኋላ ለቤተሰባቸው የሚበቃውን አስቀርተው ሌላውን ገንዘብ አከፋፈሉና፣ መካ እሄዳለሁ ብለው እ.ኤ.አ. በ1095 መጨረሻ ከባግዳድ ወጡ። የሄዱት ወደ ሻም ነበር። በደማስቆ ታላቅ መስጊድ ሚናራ ላይ በር ዘግተው ይቀመጡ ነበር፤ ከዚያም ወደ ቁድስ፣ ቀጥሎም ወደ ሐጅ ተጓዙ።

በእነዚህ የስደት ዓመታት የደከሙበት «ኢሕያእ ዑሉሚዲን» የሚባለው ታላቅ ኪታብ የሚጀምረው በዕውቀት ምዕራፍ ነው። በዚያ ላይ ያነሱት ወቀሳ ዛሬም ይነካናል። በብዙ ከተማ ከሙስሊሙ ወገን አንድ ሐኪም የለም፣ ሕክምና ደግሞ ፈርድ ኪፋያ ነው፤ ሁሉም የሚሯሯጠው ግን ወደ ፊቅህ ክርክር ነው ይላሉ። ለምን? በሕክምና ወቅፍ ማስተዳደር፣ የየቲም ገንዘብ መያዝ፣ ቃዲነት መሾም አይገኝምና! ወቀሳው ፊቅህን አይነካም፤ እርሳቸው ራሳቸው ታላቅ ፈቂህ ነበሩ። የነቀፉት ተማሪው ሕዝቡ የሚቸገርበትን ትቶ ሹመት የሚያስገኘውን መምረጡን ነው። እርሻን፣ ሽመናን፣ ልብስ ስፌትን ሳይቀር ማኅበረሰቡ ያለ እነርሱ ስለማይኖር ከፈርድ ኪፋያ ቆጥረዋቸዋል። በእጅ ሙያ ለሚተዳደረው ብዙው ጀመዓችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሸማኔን በሙያው ስንቀንሰው የኖርን ሰዎች ይህን ስናነብ አንገት መድፋት ይገባናል።

ስለ ሕፃናትም ጽፈዋል። ልጅ ከትምህርት ሲወጣ መልካም ጨዋታ ይጫወት፤ ጨዋታ ከልክሎ ሁልጊዜ ትምህርት ብቻ መጫን ልቡን ይገድላል፣ ብልኅነቱን ያደነዝዛል ይላሉ። መምህር ተማሪውን እንደ ልጁ እንዲያይ፣ ጥፋቱን በአደባባይ ከማጋለጥ ይልቅ በዘዴ እንዲጠቁመው፣ ከእርሱ ሙያ ውጪ ያለውን ዕውቀትም በተማሪው ፊት እንዳያናንቅ ያዛሉ።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን ሳልናገር ባልፍ አይሆንልኝም። በወሎ በዳና፣ በጌታና በሌሎችም ማዕከሎች ደረሳው ከአገሩ ወጥቶ፣ ከአንዱ ሸይኽ ፊቅህ ከሌላው ነህው ሲቀራ ዓመታትን ያሳልፍ ነበር። የሚበላውን የሚሰጠው የአካባቢው ገበሬ ነው፤ እንጨት ለቅሞ፣ ውሃ ቀድቶ፣ ሸይኹን ኻድሞ ይማራል። ሸይኹም የደረሳውን ጠባይ ከቅርብ ያውቃል። በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግን ገና ሲጀምር ለመንግሥት ሥራ ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎችን ለማውጣት የታሰበ ነበር፤ «የተማረ ይግደለኝ» የሚባለውም የተማረ ሰው ደመወዝ ስለሚበላ ጭምር ነው። ሁለቱም ያስፈልጉናል። የድሮውንም ነገር ያለ ነውር አድርገን አናወድሰው። በቁርኣን ቤት በአለንጋ ያልተገረፈ ካለ እጁን ያውጣ!

በቱኒስ የተወለዱት ኢብን ኸልዱን እ.ኤ.አ. በ1377 በጻፉት «ሙቀዲማ» ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ ተናግረዋል። በግርፊያ የሚማር ልጅ ቅጣት ለማምለጥ ሲል ውሸትና ማታለልን ይለምዳል፤ ኋላም ያ ልማድ ጠባዩ ይሆናል፤ ሰብአዊነቱም ይጎዳል ይላሉ። በዚሁ ኪታብ የአል-ገዛሊ ተማሪ የነበሩትን የአንደሉሱን ዓሊም የአቡበክር ኢብኑል-ዐረቢን ሐሳብ ያነሣሉ። እርሳቸው ልጅ የማይገባውን እንዲያነብ ከሚገደድ አስቀድሞ ዐረብኛውንና ሒሳቡን ይማር፣ ከዚያ ወደ ቁርኣን ይግባ ብለው ነበር። ኢብን ኸልዱን ሐሳቡን አመስግነው ልማድ ግን አይፈቅድም አሉ፤ ወላጅ ልጁ በእጁ ሳለ ቁርኣን ካልቀራ ካደገ በኋላ ያመልጠኛል ብሎ ይፈራልና። የእኛም ፍርሃት ይኸው ነው፤ ፍርሃቱም እውነት አለው። ሆኖም ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ ቁርኣን በአማርኛ ተተርጉሞ ሲነበብ፣ ልጁ ትርጉሙን ጨርሶ ሳይሰማ ለዓመታት ሉህ ይዞ እንዲቀመጥ የሚያደርገን ምክንያት አይታየኝም።

አል-ገዛሊ እ.ኤ.አ. በ1106 በወዚሩ ጥያቄ በኒሳቡር እንደገና ለማስተማር ተቀመጡ። ይህ ግን ወደ ድሮው መመለስ አይደለም፣ ያን ጊዜ ክብር የሚገኝበትን ዕውቀት አስተምር ነበር፣ አሁን ክብር የሚጣልበትን አስተምራለሁ የሚል ሐሳብ ጽፈዋል። ከዚያም ወደ ጡስ ገብተው ከቤታቸው አጠገብ ለተማሪዎች መድረሳ፣ ለሱፊዎችም ማረፊያ አደረጉ። የባግዳዱ ኒዛሚያ ወንበር ባዶ ሲሆን ዳግመኛ ተጠሩ። እርሳቸውም በጡስ ያሉትን ተማሪዎች ጥለው መሄድ እንደማይችሉ፣ በነቢዩላህ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) መቃብር ዘንድም የሱልጣን ገንዘብ ላለመቀበል ቃል መግባታቸውን ገልጸው እንቢ አሉ። በ505 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1111) እዚያው በተወለዱበት በጡስ ወደ አኼራ ሄዱ።