ከዳዊት እስከ እንግሊዝኛ

በዳባትና በደባርቅ አካባቢ ሕፃናትን በማይናገሩት ቋንቋ ማስተማር በእንግሊዝኛ አልተጀመረም። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደሉን በጭራሮ እየጠቆመ ይለይና በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ አልፎ ዳዊት ይደግም ነበር። ግዕዝ በቤቱ ባይነገርም በቅዳሴው፣ በማኅሌቱና በፍትሐቱ ይሰማዋል። የተማረው ቋንቋ በመንደሩ ሥራ ነበረው።

እንግሊዝኛ የገባው በሌላ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ እ.ኤ.አ. የ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በትምህርት ዓይነትነት እንዲሰጥ ደነገገ። ቋንቋው ግን ለብዙው የገበሬ ልጅ ከጥቁር ሰሌዳው አልወረደም። ስለዚህ ድክመቱን በልጁ ወይም በመምህሩ ላይ ብቻ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ የጎደለው ቋንቋው የሚሰማበት ቦታ ነው።

«የቄስ ትምህርት ሽምደዳ እንጂ ዕውቀት አይደለም» የሚል ይኖራል። ብዙው ልጅ የደገመውን ዳዊት ትርጉም አለማወቁ እውነት ነው። ሆኖም ንባብ መሠረቱ እንጂ ጣሪያው አልነበረም፤ የዘለቀው ተማሪ ቅኔ ቤት ገብቶ በዚያው ቋንቋ የራሱን ሐሳብ ይቀኛል። ለእንግሊዝኛም የሚሰማበት ቦታ ቅርብ ነው፤ የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ ዋልያና ጭላዳ ለማየት በፓርኩ ውስጥ ወዳለው ጨነቅ የሚወጣው የውጭ እንግዳም በደባርቅ ያልፋል። የእንግሊዝኛ ትምህርቱም ልጁ ከሚያውቀው ተራራ ይጀምር።