ከፍሳሽ ኩሬ ወደ ሰማይ

ባቱን ዛሬም ዝዋይ የሚላት ብዙ ነው። እዚያ ሐይቅ ዳር ስለ ፋብሪካና ስለ እርሻ ፍሳሽ ወሬ ሲነሳ፣ የሚጠየቀው ዓሣው ምን ሆነ፣ ውሃው ይጠጣል ወይ ነው። እውነት አላቸው። ወደ ሰማይ ስለሚወጣው ግን ጠያቂ የለም።

ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1776 ከማጆሬ ሐይቅ ረግረግ የሚወጣውን አረፋ ሰበሰበ፤ የሚነድ ጋዝ ሆኖ አገኘው። ዛሬ ሚቴን የምንለው ነው። ሽታም ቀለምም የለው!

በእኛ ስምጥ ሸለቆ ታሪኩን ከወንጂ ብንጀምር ያስኬዳል። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ስኳር ፋብሪካውን ሥራ ያስጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ኋላ የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች መጡ። ስኳር ያለበት እጣቢም ሆነ የቆዳ ፍቅፋቂ አየር በማያገኝበት ኩሬ ሲተኛ፣ ጥቃቅን ተሐዋስያን በልተው ሚቴን ይተፉታል። ለመበስበስ 1 ኪሎ ኦክስጅን የሚፈልግ ቆሻሻ ቢበዛ 250 ግራም ሚቴን ይወጣዋል፤ ይህም ጋዝ በ100 ዓመት ሲለካ ምድርን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። እንግዲህ ወንዙ እንዳይበከል ተብሎ የተቆፈረው ጥልቅ ኩሬ፣ ካልተከደነ፣ የወንዙን ዕዳ ለአየሩ ያስተላልፋል ማለት ነው። ተከድኖ ጋዙ ቢጠመድ ደግሞ ያው የፋብሪካውን ቦይለር ያነድዳል።

የወንጂ ስኳር ከመጀመሪያው በኩንታል ተቆጥሯል። ኢትዮጵያ የጋዝ ልቀት ቆጠራዋን ለተባበሩት መንግሥታት መጀመሪያ ያቀረበችው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ ከ47 ዓመት በኋላ። በአፍሪካ የዚህ ጋዝ ያለፈ ታሪክ በአመዛኙ የሚጻፈውም እንዲሁ ነው፦ ከስኳሩና ከቆዳው ምርት ላይ ተሰልቶ፣ በግምት።