እንቅልፍና ስንፍና፦ የናርኮሌፕሲ ታሪክ

እኛ የካምፕ አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ የሚተኛ ተማሪ ስናገኝ ቶሎ የሚመጣልን ቃል «ሰነፍ» ነው። አስነስተን ያቆምነው፣ ከክፍል ያስወጣነውም ብዙ ነው። የእንቅልፍ ምርምር ታሪክ ግን ቆም ብለን እንድናስብ ያደርገናል።

እ.ኤ.አ. በ1880 ዤሊኖ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ስለ አንድ የ38 ዓመት የወይን በርሜል ነጋዴ ጻፈ። ሰውየውን በየሄደበት ድንገት እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ሲስቅ ደግሞ ጉልበቱ ይከዳዋል። ዤሊኖ በሽታውን ናርኮሌፕሲ አለው። ስም ተገኘ፤ ምክንያቱ ግን አልታወቀም።

ፍንጩ የመጣው ከሌላ መቅሠፍት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንጎልን የሚያቆስል ወረርሽኝ አውሮፓን መታ። የቪየናው ሐኪም ኮንስታንቲን ፎን ኤኮኖሞ በ1917 ስለዚሁ ጻፈ። ብዙዎቹ ሕሙማን ቀንም ሌሊትም ይተኛሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ጭራሽ እንቅልፍ አጡ። የሞቱትን አንጎል ሲመረምር ሃይፖታላመስ የሚባለው ክፍል ከእንቅልፋሞቹ ከኋላ በኩል፣ እንቅልፍ ካጡት ከፊት በኩል ተጎድቶ አገኘው። ስለዚህ «ፊተኛው ያስተኛል፣ ኋለኛው ያነቃል» የሚል ሐሳብ አቀረበ። እንቅልፍ እንዲሁ ድካም ብቻ ሳይሆን አንጎል ራሱ የሚሠራው ሥራ ነው ማለት ነው።

ማረጋገጫው ግን ዘገየ። በ1996 አሜሪካኖች በአይጥ አንጎል፣ በፊተኛው ሃይፖታላመስ ውስጥ፣ በእንቅልፍ ሰዓት የሚሠሩ ሴሎች አገኙ። እነዚህ አስተኚ ሴሎች አንቂዎቹን ዝም ያሰኛሉ፤ አንቂዎቹም በተራቸው አስተኚዎቹን። በ1998 ሁለት ቡድኖች ኦሬክሲን የተባለውን አንቂ ንጥረ ነገር አገኙ። በ2000 ደግሞ ናርኮሌፕሲ የነበረባቸው ሰዎች አንጎል ሲታይ፣ ኦሬክሲን የሚሠሩት ሴሎች ከሞላ ጎደል ጠፍተው ተገኙ።

ነገሩን በበር እንመስለው። ኦሬክሲን መቀርቀሪያው ነው። መቀርቀሪያ የሌለው በር ነፋስ በነካው ቁጥር ይከፈታል፣ ይዘጋል። በናርኮሌፕሲ አስተኚ ሴሎቹ አልሞቱም፤ ሥራቸውን ይሠራሉ። የጠፋው የሚያግዳቸው ነው። ሰውየው «ልንቃ» ብሎ ቢታገልም ጉልበት የለውም።

ታዲያ የሚተኛ ተማሪ ሁሉ ይህ በሽታ አለበት ማለታችን አይደለም። በሽታው ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚታየው። አብዛኛው ተማሪያችን የሚተኛው ሌሊት ውሃ ሲቀዳ ስላደረ፣ በኩራዝ ሲያጠና ስላመሸ፣ ወይም ሳይበላ ስለመጣ ነው። ግን እሱም ቢሆን ስንፍና አይደለም። ሌሊት በደንብ ተኝቶም ለወራት በየቀኑ እንቅልፍ የሚጥለው፣ ሲስቅ ጉልበቱ የሚከዳው ልጅ ካለ ግን ወደ ክሊኒክ እንላከው። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በተማሪነት ዕድሜ ነው። ፈጽሞ ባይድንም በመድኃኒትና በቀን አጭር እንቅልፍ ይቀላል።

ተማሪዎችም ጓደኛችሁ ሲወድቅ አትሳቁበት። እኛም አስተማሪዎች ከመቅጣታችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ «ሌሊቱን እንዴት አደርክ?»