መድኃኒትና መርዝ፦ የምታዘጋጀው እጅ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ በሰው እጅ ፋንታ አደገኛ መድኃኒቶችን መጥነው የሚያዘጋጁ መሣሪያዎችን ይመለከታል። የታሪክ መምህር በማሽን ጉዳይ ምን አገባው የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን የዚህ ማሽን ታሪክ ከጦር ሜዳ ይነሣል፤ ከጦር ሜዳዎቹም አንዱ በዚሁ በሰሜን ሸዋ ይገኛል። ዓመታቱን የምጠቅሰው በጎርጎሮሳዊው አቆጣጠር ነው።

በኤፕሪል 1939 በዘረት፣ የአርበኛው የአበበ አረጋይ ተከታዮች ከነቤተሰቦቻቸው በአንድ ትልቅ ዋሻ ተጠልለው ነበር። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ዋሻውን ከብቦ የሰናፍጭ ጋዝ ለቀቀባቸው፤ እጃቸውን የሰጡትንም ወንዶች በጥይት ፈጃቸው። ኢጣሊያዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዮ ዶሚኒዮኒ ጉዳዩን በ2006 ይፋ አደረገው። ይህ ሁሉ ሲፈጸም ኢጣሊያ መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቭ ፕሮቶኮል ያጸደቀች አገር ነበረች።

የሰናፍጭ መርዝ ቆዳንና ሳንባን ከማቃጠሉም በላይ የአጥንት መቅኔን ይጎዳል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትንም ያመነምናል። ይህ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሟቾች አስከሬን ምርመራ ታውቆ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በአሜሪካው የዬል ዩኒቨርሲቲ ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን የሚባሉ ተመራማሪዎች አንድ ጥያቄ አነሡ፦ እነዚህን ሕዋሳት የሚያጠፋ መርዝ፣ ያለ ልክ ለሚበዙበት ካንሰር ፈውስ ሊሆን አይችልምን? በኦገስት 1942 የሰናፍጭ ጋዝ የቅርብ ዘመድ የሆነው ናይትሮጅን መስታርድ ለመጀመሪያ ጊዜ በሽተኛ ደም ሥር ውስጥ ገባ። ምርምሩ የጦር ምስጢር ስለ ነበረ ውጤቱ የታተመው በ1946 ነው። በ1950ዎቹ ደግሞ ከዚሁ ዘር ሳይክሎፎስፋማይድ ተወለደ። ዛሬም የጡት ካንሰር ከሚታከምባቸው ዋና ዋና መድኃኒቶች አንዱ እርሱ ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋችንን ልጥራ። በአማርኛ «መድኃኒት አበሉት» ሲባል ፈውስ ሰጡት ማለት አይደለም፤ መርዝ ሰጡት ማለት ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ሁለቱን በአንድ ቃል ሲጠሩ፣ ልዩነቱ በመጠኑና በሰጪው እጅ ላይ መሆኑን ሳያውቁ የቀሩ አይመስለኝም። ዘመናዊው ሕክምና ግን ነገሩን ለረጅም ጊዜ ከፈለው። ሰናፍጩ ቦንብ ውስጥ ሳለ መርዝ ተባለ፤ የሚይዙትም የኬሚካል ጦር ክፍሎች ጭምብልና መከላከያ ልብስ ተሰጣቸው። የልጅ ልጁ በትንሽ ጠርሙስ ተሞልቶ ሆስፒታል ሲገባ ግን መድኃኒት ተባለ፤ ጠርሙሱን የምትከፍተው ነርስም ብዙውን ጊዜ በክፍት ጠረጴዛ ላይ፣ አንዳንዴም ያለ ጓንት ሠራች። ለመግደል የሚይዘው ሰው ከለላ አገኘ፤ ለማዳን የምትይዘው አላገኘችም።

መድኃኒቱ የሕዋስን የዘር ቅንጣት ይጎዳል፤ የማንን እንደሚጎዳ ግን አይመርጥም። መርፌው ከጠርሙሱ ሲወጣ በውስጥ ያለው ግፊት ዓይን የማያየው ጉም ይረጫል፤ ጠብታ ቆዳ ላይ ያርፋል። በ1979 የፊንላንድ ተመራማሪዎች ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት እንዳሳተሙት፣ እነዚህን መድኃኒቶች የሚያዘጋጁ ነርሶች ሽንት የዘር ለውጥ የማምጣት ጠባይ ታየበት። በሽተኛው ሊድን ሲል የሚከፍለውን ዋጋ፣ ነርሷ ምንም ሳትታመም በጥቂት በጥቂቱ ትከፍል ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው መሻሻል ሁሉ ለዚህ ግኝት መልስ ነው። ቀድሞ የነበሩት የንጹሕ አየር ሣጥኖች መድኃኒቱን ከጀርም ለመጠበቅ የተሠሩ ስለ ነበሩ አየሩን በአግድም ወደ ሠራተኛዋ ፊት ይነፉ ነበር። መድኃኒቱ ተጠበቀ፤ ሰው ተጋለጠ። ቀጥለው አየርን ከላይ ወደ ታች የሚያወርዱና አጣርተው የሚያስወጡ ሣጥኖች መጡ፤ ፈሳሹን ያለ ትነት ከጠርሙስ ወደ መርፌ የሚያሻግሩ ዝግ ማያያዣዎችም ተከተሉ። በ2000ዎቹ ደግሞ ሮቦቱ መጣ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለው ክንድ የጠርሙሱን መለያ ያነባል፤ ከመቅዳቱ በፊትና በኋላ ይመዝናል፤ ክብደቱ ከታዘዘው መጠን ጋር ካልገጠመ ዝግጅቱን ውድቅ ያደርገዋል። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ቀድመው ሥራ ከጀመሩባቸው ከተሞች አንዷ የኢጣሊያዋ አንኮና ናት። የዘረትን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ ዝም ብሎ የሚያልፈው ነገር አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የካንሰር መድኃኒት ዛሬም በአብዛኛው የሚዘጋጀው በእጅ ነው። አንድ የለሚ ገበሬ ሚስቱን ይዞ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲደርስ፣ መድኃኒቷን የምትቀዳላት ሰው ናት። በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶችም የሥልጠናና የመከላከያ መሣሪያ ጉድለት መኖሩን አሳይተዋል። ታዲያ ሮቦት እንግዛ ልበል? ስለ ማሽን ከራሳችን ታሪክ የምንማረው አለ። ጥቁር አንበሳ የጨረር ሕክምናን በ1997 የጀመረው በኮባልት ማሽን ሲሆን፣ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ለአገሩ ሁሉ ብቸኛው ማእከል ሆኖ ቆየ። የኮባልት ኃይል በ5 ዓመት ከጥቂት ወራት በግማሽ ይቀንሳል፤ ማሽኑ ሳይበላሽም ያረጃል፤ ሲያረጅም አንዱን በሽተኛ ለማከም የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል። ማሽን መግዛት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መለዋወጫውን፣ መብራቱንና ባለሙያውን ይዞ መዝለቅ ግን የትውልድ ሥራ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ታሪክ ራሱ ይነግረናል፦ መጀመሪያ ሥልጠናና ጓንት፣ ቀጥሎ ትክክለኛው ሣጥንና ዝግ ማያያዣ፣ ብዙ መድኃኒት በአንድ ቦታ በሚዘጋጅበት ሆስፒታል ደግሞ ሮቦት። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ወጪ የማይጠይቅ ነገር አለ፤ እርሱም መዝገብ ነው። የበሽተኛው ስም፣ የመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን ይጻፋል፤ ማን እንዳዘጋጀውና ለስንት ዓመት ሲያዘጋጅ እንደ ኖረ የሚከታተል ግን ይጠፋል። በጀርመን ሐምቡርግ በራጅና በራዲየም ሥራ የሞቱ ባለሙያዎች ስም በ1936 በድንጋይ ላይ ተቀርጾ ቆሟል። የእኛዎቹን ስም በድንጋይ ላይ ለመጻፍ ከመገደዳችን በፊት በወረቀት ላይ እንጻፈው፤ ጤናቸውንም በየዓመቱ እንመርምር። ይህን የመሰለ መዝገብ ያልያዘ ሆስፒታል፣ ሮቦት ቢሰጠው እንኳ ማንን ለመጠበቅ እንደ ተሰጠው ሊያውቅ አይችልም።